«ዕድሏ ስንት ፐርሰንት ነው?»፦ እጅግ መራጭ ኮሌጆችን ስለሚያስብ ቤተሰብ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ከእናቴ ጋር ስድስት ነን። እኔ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሁለታችን ገቢ በዓመት 78 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን። ትልቋ ልጄ 11ኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። አማካይ ውጤቷ (ጂፒኤ) 4.2፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዋ (ኤስኤቲ) 1480 ነው፤ ስድስት የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ) ትምህርት ወስዳለች፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ሃርቫርድ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ወይም ዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) የመግባት ዕድሏ ስንት ፐርሰንት ነው? ሃያ ቦታ ካመለከተች አንዱ አይቀርም ይሉናል። ጥቁር በመሆኗ ይቀልላታል የሚሉ አሉ፤ የገንዘብ ድጋፍ ከጠየቃችሁ አይቀበሏትም የሚሉም አሉ። አንድ አማካሪ ደግሞ በ6 ሺህ ዶላር ዋስ ሆኜ አይቪ ሊግ (ሃርቫርድን ከመሰሉ ስመ ጥር ኮሌጆች አንዱ) አስገባታለሁ ብሎናል። ከትምህርት ውጭ ብዙም የምትሠራው የላትም፤ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ አያቷን ዳያሊሲስ ታመላልሳለች፣ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች።»

ምላሽ፦ ልጅዎ ሃርቫርድ የመግባት ዕድሏ ይህን ያህል ነው ብዬ ቁጥር ልጽፍልዎ አልችልም፤ ይህን ቁጥር በድፍረት የሚነግርዎ ሰው ካለም ስሌቱን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ የሚያወጡት የቅበላ መጠን ካመለከቱት ሁሉ ስንቱ እንደተጠራ የሚያሳይ ጥቅል ቁጥር ነው፤ የአንዲትን ልጅ ዕድል አይለካም። ሃርቫርድ በ2024 መኸር ትምህርት ለጀመረው ክፍል 54,008 ማመልከቻ ተቀብሎ የጠራው 1,937 ልጆችን ነው፤ ይህም 3.6 ከመቶ ገደማ ይሆናል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ከመነሻውም ዕድል ያልነበራቸው ብዙ ልጆች ተቆጥረዋል፤ በሩ ሰፋ ብሎ የተከፈተላቸውም አሉበት። ቅበላውን በሚመለከት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰው የሃርቫርድ ክስ ላይ በቀረበው ማስረጃ መሠረት፣ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተመራቂዎች ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች እንዲሁም በዲኑ ልዩ ዝርዝር ውስጥ የገቡ አመልካቾች ተደምረው ከአመልካቹ 5 ከመቶ አይሞሉም፤ ከተጠሩት ውስጥ ግን 30 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ልጅዎ ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ስለሌለች፣ ለእርሷ የቀረው መንገድ ከታተመው ቁጥር ጠበብ ይላል ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ከዚያው የክስ መዝገብ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ «ውጤቷ እንዲህ እያማረ እንዴት ትቀራለች?» ብሎ የሚያዝነው ይህን ባለማወቅ ነው። በአንድ የቅበላ ዓመት ከአሜሪካ ውስጥ ካመለከቱት 26 ሺህ ገደማ ልጆች መካከል ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሙሉ ጂፒኤ ነበራቸው፤ 3,500 ያህሉ የኤስኤቲ ሒሳብን፣ 2,700 ያህሉ ደግሞ የንባቡን ክፍል ሙሉ ለሙሉ አግኝተዋል። የነበረው ቦታ 1,600 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ማመልከቻው በቁም ነገር እንዲነበብ ያደርጋል እንጂ ከሌላው አስበልጦ አያስመርጥም። ከመስመሩ በላይ ከሆኑት ውስጥ ማን ይጠራ የሚለው የሚወሰነው ውጤቱ በተገኘበት ሁኔታ፣ ልጁ በጊዜው ምን እንደሠራበት፣ መምህራን በጻፉለት ደብዳቤ፣ በራሱ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት በሚፈልገው የተማሪ ስብጥር ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ማንም ከውጭ ሆኖ ሊያየው አይችልም።

4.2 የሚለው ጂፒኤ ከአራት በላይ ስለሆነ የሞላና የተረፈ ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ በፌርፋክስ ካውንቲ ለኤፒ ትምህርት አንድ ሙሉ ነጥብ፣ ከመደበኛው ከበድ ለሚለው ለኦነርስ ግማሽ ነጥብ ይጨመራል፤ በኤፒ ቢ ያገኘችና በመደበኛው ክፍል ኤ ያገኘች ልጅ እኩል ይቆጠራሉ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 4.2 ከላይኛው ረድፍ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ደግሞ መቶ ልጆች ከእርሷ በላይ ይኖራሉ። መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ስለሚያውቁ ድምሩን ትተው ትራንስክሪፕቱን (የየትምህርቱን ውጤት ዝርዝር) መስመር በመስመር ያነባሉ፤ ከትራንስክሪፕቱ ጋርም ትምህርት ቤቱ ስንት ኤፒ እንደሚሰጥና ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚያመጡ የሚገልጽ ሰነድ ይላክላቸዋል። ሃያ ኤፒ ባለበት ትምህርት ቤት ስድስት መውሰድና ስምንት ባለበት ስድስት መውሰድ የተለያየ ነገር ነው። በተጨማሪም የትምህርት ቤቷ አማካሪ (ካውንስለሯ) በምትሞላው ቅጽ ላይ የተማሪዋ የትምህርት ምርጫ በትምህርት ቤቱ ካለው ሁሉ ከባዱ ነው፣ በጣም ከባድ ነው፣ ወይም መካከለኛ ነው እያለ ደረጃ የሚያስመርጥ ጥያቄ አለ። ካውንስለሯ የትኛውን እንደምትመርጥ አሁኑኑ ሊጠየቅ ይገባል፤ የ12ኛ ክፍል ምዝገባ አሁንም ሊስተካከል ይችላል፤ ሕክምና የምትፈልግ ልጅ በመጨረሻው ዓመት ካልኩለስን ወይም ጠንካራ የሳይንስ ትምህርትን ትታ ቀለል ያለ ነገር ብትወስድ ያስጠይቃታል።

1480 በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ተፈታኝ ቢያንስ 95ቱን የሚበልጥ ውጤት ነው፤ ሊታፈርበት አይገባም። ሆኖም ሃርቫርድና ጆንስ ሆፕኪንስ ከሚገቡት ልጆች መካከል ሦስት አራተኛው ያህል ከ1500 በላይ ያመጣ በመሆኑ፣ እዚያ ስትቆም ከታችኛው ሩብ ውስጥ ናት። ይህ በራሱ አያስቀራትም። ዳርትማዝ በ2024 ፈተናውን እንደገና ግዴታ ሲያደርግ ያቀረበው ምክንያት፣ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦችና ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች ሊረዳቸው ይችል የነበረውን ውጤት «አይበቃም» ብለው ይደብቁ እንደነበር መረዳቱ ነው፤ ውጤት የሚመዘነው ልጁ ካደገበት ሁኔታ ጋር ተነጻጽሮ ነውና። ሃርቫርድም በዚያው ዓመት ፈተናውን ወደ ግዴታ መልሶታል። ምክሬ በኦገስት አንድ ጊዜ እንደገና እንድትፈተን ነው፤ ለዝግጅቱ ካን አካዳሚ በነጻ የሚሰጠው ልምምድና ፈተናው የሚሰጥበት ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ ያሉት ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች ይበቃሉ። ቤተሰባችሁ በቁጥር ብዙ ስለሆነ ልጆቹ ለቅናሽ ምሳ ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብቁ ከሆኑ የፈተናውም የብዙ ኮሌጆች የማመልከቻም ክፍያ ይነሣላታል። ከኦክቶበር በኋላ ግን ፈተናውን ትተው ወደ ጽሑፉ ይሂዱ፤ አራተኛና አምስተኛ ጊዜ መፈተን ሃያ ነጥብ ለመጨመር ብሎ የልጅን እንቅልፍ መውሰድ ነው።

«ሃያ ቦታ ካመለከተች አንዱ አይቀርም» የሚለው አባባል የተሳሳተ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ቦታ 5 ከመቶ ዕድል ቢሰጥና ውሳኔዎቹ እንደ ዕጣ አንዱ ከሌላው ጋር ባይገናኙ ኖሮ፣ ከሃያ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሏ 64 ከመቶ ይሆን ነበር። ውሳኔዎቹ ግን ይገናኛሉ። ሃያውም ቦታ የሚደርሰው ያው ትራንስክሪፕት፣ ያው የመምህር ደብዳቤ፣ ያው ዋና ጽሑፍ ነው፤ አንዱን አንባቢ ያላሳመነ ማመልከቻ ቀሪዎቹንም ላለማሳመን ቅርብ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መራጭ ኮሌጅ የራሱን ተጨማሪ ጽሑፎች ይጠይቃል፤ ሃያ ቦታ ያመለከተች ልጅ በዲሴምበር መጨረሻ ከሃምሳ በላይ አጫጭር ጽሑፎች ይጠብቋታል። እንዲህ ካደረጉ ቤተሰቦች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ስም ለሌላው በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ያገኘሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው፤ ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፣ ደክመው ነበር።

ጥቁር መሆኗ ይጠቅማታል የሚሉዎት ሰዎች የሚናገሩት ስላለፈው ሕግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 በሰጠው ውሳኔ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን ራሱን የቻለ መመዘኛ አድርገው እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። በኤምአይቲ ከውሳኔው በፊት 13 ከመቶ ገደማ የነበረው የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ በ2024 በገባው ክፍል ወደ 5 ከመቶ ወርዷል። ያው ውሳኔ ግን ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ምን እንዳሳደረ የሚጽፈውን ነገር ዩኒቨርሲቲው ከብርታቱና ከችሎታው ጋር አገናኝቶ ሊያየው እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ዘርን በሚጠይቀው ሣጥን ላይ የምታደርገው ምልክት አይረዳትም፤ በእውነት የኖረችው ሕይወት በደንብ ከተጻፈ ይረዳታል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ያስቀራታል የሚለው፣ እርስዎ በጠቀሷቸው በሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ረገድ፣ ሐሰት ነው። ሃርቫርድ፣ ጆንስ ሆፕኪንስና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ዜጋንና የግሪን ካርድ ባለቤትን ሲቀበሉ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ከግምት አያስገቡም። አቅምን የሚመለከቱ ኮሌጆች አሉ፤ ለእነዚያም ቢሆን የማትከፍሉበት ቦታ መግባት መፍትሔ ስለማይሆን ድጋፉን መጠየቅ ግድ ነው። የሚከተለውን ደግሞ ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር ከሆነና የተለመደ ሀብት ካለው ቤተሰብ ለትምህርትም ለምግብና ለመኝታም አያስከፍልም። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገቢያቸው ከ100 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ የግዛቱ ነዋሪዎች የትምህርት ክፍያውን በስጦታ ይሸፍናል። ጆንስ ሆፕኪንስ በ2018 ከማይክል ብሉምበርግ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ካገኘ ወዲህ በድጋፍ ጥቅሉ ውስጥ ብድርን በስጦታ ተክቷል። ስለዚህ በድረ ገጽ ላይ የሚያዩት የ90 ሺህ ዶላር ዋጋ የእርስዎ ዋጋ አይደለም። የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ኮሌጅ የተጣራ ዋጋ (ከድጋፉ በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን) ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ያስገድዳል፤ የታክስ ወረቀትዎን ይዘው በአንድ ምሽት ሦስቱንም ሊሞሉ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚሆኑ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አገር ቤት የሠሩት ቤት ወይም የገዙት ቦታ ካለ ድጋፍ በሚጠየቅባቸው ቅጾች፣ በፌዴራሉ ፋፍሳም አንዳንድ ኮሌጆች በሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይልም ላይ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ የምትኖሩበት ቤት ስላልሆነ እንደ ሀብት ይቆጠራል፤ መደበቁም ኋላ ድጋፉን ሊያስነጥቅ ይችላል። ለዘመድ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ ከገቢ ላይ በራሱ አይቀነስም፤ ነገር ግን በሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ልዩ ሁኔታን ለማስረዳት በተተወው ቦታ መጻፍና ደረሰኙን ይዞ የድጋፍ ቢሮውን ማነጋገር ይቻላል። ሊያዩት ይችላሉ፤ ግዴታ ግን የለባቸውም።

ስድስት ሺህ ዶላሩን ለማንም አይስጡ። ከቅበላ ቢሮው ውጭ ያለ ማንም ሰው መግቢያን ዋስ ሊሆን አይችልም። በ2019 የተገለጠውን የቅበላ ማጭበርበር የመራው አማካሪ በ2023 መጀመሪያ የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል፤ ከእርሱ ጋር የተስማሙ ወላጆችም ታስረዋል። የእርስዎ ሰው ወንጀለኛ ነው ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ «ዋስ እሆናለሁ» የሚል ሰው በአብዛኛው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ልጅቱ በራሷ ከገባች ውለታውን ለራሱ ይወስዳል፣ ወይ ጽሑፏን እርሱ ይጽፍላታል። ሁለተኛው እጅግ አደገኛ ነው፤ በሐሰት የተገኘ መግቢያ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ሊሰረዝ ይችላል።

አሁን በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ወዳለፉት ነገር ልምጣ፤ ከጻፉልኝ ሁሉ ክብደት ያለው እርሱ ነውና። «ብዙም የምትሠራው የላትም» ብለው ወዲያው ታናናሾቿን እንደምትጠብቅና አያቷን ዳያሊሲስ እንደምታመላልስ ነገሩኝ። ዳያሊሲስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ ዙር አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እርሷ ለማድረስና ለመመለስ፣ ወንድሞቿን ለማብላት፣ የቤት ሥራቸውን ለማየት የምታውለው ሰዓት ሲደመር ከማንኛውም ክለብ አባል ሰዓት ይበልጣል። ብዙዎቹ ኮሌጆች በሚቀበሉት በኮመን አፕ ማመልከቻ ላይ አሥር ተግባራትን መመዝገብ ይቻላል፤ ከሚመረጡት ዓይነቶች አንዱም የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ነው። የእኛ ልጆች ይህን ረድፍ ባዶ ይተዉታል፤ ለእነርሱ ቤተሰብን መርዳት ግዴታ እንጂ «ሥራ» አይደለምና፣ ቢጽፉትም የሚያፍሩበት ይመስላቸዋል። አንባቢው ግን ካልተነገረው አያውቅም። ባዶ ረድፍ ሲያይ ከትምህርት በኋላ ምንም የማታደርግ ልጅ አድርጎ ያስባታል።

ለአንዱ ተግባር የሚፈቀደው ማብራሪያ 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ አጻጻፉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቤተሰቤን እረዳለሁ» ብላ ብትጽፍ ምንም አልነገረችም። «አያቴን በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ አደርሳለሁ፤ የማትበላቸውን ምግቦች ዝርዝር በአማርኛ ጽፌላታለሁ፤ ሁለት ወንድሞቼን እስከ ማታ እጠብቃለሁ» ብላ ብትጽፍ ግን አንባቢው አንዲት የተለየች ልጅ ያያል፤ በተለይም ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ከሚለው ቃሏ ጋር ሲገጥም። ዝርዝሩን በእርግጥ ጽፋላት እንደሆነ አላውቅም፤ ካልጻፈች አይጻፍ። የምለው እንዲህ ያለ እውነተኛ ዝርዝር ይፈለግ ነው፤ ማን ቀጠሮ ይይዛል፣ ማን መድኃኒቱን ይቆጥራል፣ ፖስታ ሲመጣ ማን ያነበዋል? ሰንበት ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ስንት ዓመት እንደዘመረች፣ ታናናሾችን ታስጠና እንደሆነ፣ በዓል ሲደርስ ለልምምድ ስንት ማታ እንደሚመሽባት ይጻፍ። ሰዓቱ በትክክል ይቆጠር፤ አንዲት ሰዓት አይጋነን።

ዋናው ጽሑፍ፣ ማለትም እስከ 650 ቃል የሚፈቀደው፣ ለእኛ ልጆች ከባድ የሚሆነው ስለ ራስ መናገር ነውር ነው ተብለው ስላደጉ ነው። ብዙዎቹ ስለ ወላጆቻቸው ስደትና ድካም ጽፈው ያመጡልኛል፤ ጽሑፉ ያስለቅሳል፣ ልጁ ግን ውስጡ የለም። አንባቢው ሊያውቅ የሚፈልገው እርሷን ነው፤ ምን እንዳየች፣ ምን እንደጠየቀች፣ ምን እንደለወጠች። የዳያሊሲሱን ክፍል ብትጽፍ የአያቷን ሕመም ሳይሆን፣ እዚያ ተቀምጣ እየጠበቀች የታዘበችውን አንድ ነገር ወስዳ እስከ ሥሩ ብትከተለው ይሻላል። የአያቷንም ክብር ታስብ፤ የሕክምና ምስጢር ሳይፈቀድ አይጻፍ።

ይህን ሁሉ ይዤ ስለ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ያለኝን ፍርድ ልስጥ። ሃርቫርድ ለእርሷም፣ ለማንም፣ ሩቅ ነው፤ ሊሞከር ይችላል፣ ሊታቀድበት ግን አይገባም። ጆንስ ሆፕኪንስ ከአመልካቹ ከመቶ ከአሥር በታች የሚቀበል፣ ሕክምና በሚያስቡ ልጆች የተጨናነቀ ቦታ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ኤስኤቲዋ ከፍ ካለና ጽሑፏ ከጠነከረ ግን ዘበት አይደለም። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛውን ከግዛቱ ስለሚወስድና ከቨርጂኒያ ነዋሪ አመልካቾች ከአራት አንዱን ገደማ ስለሚቀበል እውነተኛ ዕድል ያላት እዚያ ነው፤ በ2024 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂ ልጆች ቅድሚያ እንዳይሰጡ ከልክሏል። እርግጠኛ ነው ግን አልልም፤ ከሰሜን ቨርጂኒያ የሚያመለክተው ልጅ ብዙ ነውና። ካውንስለሯ ከዚያው ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ያመለከቱ ልጆችን ጂፒኤና ኤስኤቲ ከውጤቱ ጋር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሊኖራት ይችላል፤ ከየትኛውም የኢንተርኔት «ዕድል መገመቻ» የሚሻለው እርሱ ነው።

ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ ይሠራ። መጀመሪያ በእርግጠኝነት የምትገባባቸውና ልትከፍሉ የምትችሉባቸው ሁለት ቦታዎች ይመረጡ፤ ጆርጅ ሜሰን እና ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) አብዛኛውን አመልካች ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ጠንካራ የሳይንስ ትምህርት አላቸው። ቀጥሎ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ዊልያም ኤንድ ሜሪ፣ የራሱ የሕክምና ኮሌጅ ያለው ሃዋርድ፣ እንዲሁም ወደ ምርምር ካዘነበለች በ1988 የተጀመረውና ለሳይንስ ዶክትሬት የሚያዘጋጀው የዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባልቲሞር ካውንቲ) ሜየርሆፍ ስኮላርሺፕ ይታዩ። ዩቪኤ ከዚህ በላይ ይቀመጥ። ሩቆቹ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ፤ በጠቅላላው ከአሥር አይለፍ። በእውነት የምትወደው፣ መግባቷ የማያጠራጥር ኮሌጅ ከታች ከሌለ ዝርዝሩ አላለቀም።

ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ቤቶች የመጡ ጎበዝ ተማሪዎችን ከኮሌጆች ጋር የሚያጣምረው ክዌስትብሪጅ የተባለው መርሐ ግብር ለእርሷ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማመልከቻው በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል። አብዛኞቹ ተመራጮቹ ለአራት ቤተሰብ ከ65 ሺህ ዶላር በታች ገቢ ካላቸው ቤቶች ይመጣሉ፤ ይህ ግን የተቆረጠ ወሰን ስላልሆነ፣ ለስድስት የተካፈለ 78 ሺህ ዶላር ከዚያ የሚርቅ አይደለም። ዩቪኤና ጆንስ ሆፕኪንስ ከአጋሮቹ መካከል ናቸው፤ የተጣመረ ተማሪ የአራት ዓመት ሙሉ ወጪው ይሸፈንለታል። ለእርሱ የሚጻፉት ጽሑፎችም ኋላ ለኮመን አፕ ስለሚያገለግሉ ባይሳካ እንኳ ድካሙ አይባክንም።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው፣ ቀድሞ የሚገባ አሳሪ ማመልከቻ፣ ከገባች ሌላውን ሁሉ ትታ እንድትሄድ የሚያስገድድ ነው። የቅበላ መጠኑ ከፍ ብሎ የሚታየው በከፊል የተመለመሉ ስፖርተኞች በዚያ ስለሚያልፉ ነው። ሆፕኪንስን ከሁሉ አስበልጣ ካልወደደችና የተጣራው ዋጋ ካልተሰላ በቀር አልመክርም። የምመክረው፣ በክዌስትብሪጅ ለመጣመር ካልታጨች፣ የማያስረውን የዩቪኤ ኧርሊ አክሽን እስከ ኖቬምበር 1 እንድታስገባ ነው፤ ሃርቫርድን በቅድሚያ መሞከር ከፈለገችም የሃርቫርድ ደንብ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማያስር መንገድ ማመልከትን ስለሚፈቅድ ሁለቱ አይጋጩም።

እነዚህን ቦታዎች ባታገኝ ሐኪም የመሆን መንገዷ ይዘጋል ብለው አይስጉ። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመለከቱት የመጀመሪያ ዲግሪውን ውጤት፣ ለሕክምና ትምህርት መግቢያ የሚሰጠውን የኤምካት ፈተናንና በሕክምና አካባቢ የተገኘ ልምድን ነው፤ ከሜሰንም ከሃዋርድም በየዓመቱ ይገባል። የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ዕዳ ነው። በሌላ በኩል እውነቱ መነገር አለበት፤ ዴልና ክሩገር የተባሉት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለብዙው ተማሪ መራጭ ኮሌጅ መግባቱ የኋላ ገቢን ብዙም እንደማይለውጥ አግኝተው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤቶች ለመጡ ልጆች ግን ጥቅሙ ጎልቶ እንደሚታይ ገልጸዋል። ስለዚህ ሩቆቹን መሞከሯ ከንቱ አይደለም፤ ወጪው በስጦታ እስከተሸፈነ ድረስ ሊሞከር የሚገባው ነው።

ከሰመር ዕረፍት በፊት ከካውንስለሯ ጋር ቀጠሮ ይያዙ፤ ልጅቱም እርስዎም አብራችሁ ሂዱ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ካውንስለሩ ደብዳቤውን የሚጽፍበትን መጠይቅ ለወላጅ ይሰጣሉ፤ «ስለ ልጅዎ ሌሎች የማያውቁት ምን አለ?» የሚል ጥያቄም አለበት። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ባዶውን አይመልሱት፤ በአማርኛ ይጻፉትና ይተርጎም። የዳያሊሲሱን ነገር መጀመሪያ ይጻፉ።